ቀዩ እንግዳ

ቋንቋ አንዳንድ ጊዜ ከታሪክ ጸሐፊ የበለጠ ያስታውሳል። አያቶቻችን በቆሎን «የባሕር ማሽላ» ብለው ሲጠሩት፣ እህሉ ባሕር ተሻግሮ የመጣ መሆኑን በስሙ ላይ አትመውበት አልፈዋል። ከአውስትራሊያ ምድር የመጣውንም ዛፍ «ባሕር ዛፍ» አሉት፤ ዛሬ ተራራውንና ጓሮውን ወርሶ ሳለ እንኳ ስሙ እንግድነቱን አይክድለትም። ከባሕር ማዶ ከመጡት መካከል ግን የባሕር ምልክት ያልተደረገበት አንድ እንግዳ አለ። እንዲያውም የነባሩን የቤት ባለቤት ስም ወስዶ የራሱ አደረገው፤ ነባሩም ከእንግዳው ይለይ ዘንድ ቅጽል ተጨመረለት። ይህ እንግዳ በርበሬ ነው። ነባሩ ባለቤት ደግሞ ዛሬ «ቁንዶ በርበሬ» የምንለው ጥቁሩ ፍሬ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ጽሑፍ የማጫውታችሁ የዚህን ቀይ እንግዳ ጉዞ ነው። ነገሩ የወጥ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። «የእኛ» የምንለው ነገር የእኛ የሚሆነው በምንድን ነው? የሚለውን ጥያቄ ከበርበሬ አስበልጦ የሚያነሣ ነገር በማጀታችን ውስጥ አላገኘሁም። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የስሙን የዘር ሐረግ ስንመረምር ረጅም መንገድ እናገኛለን። በጥንቱ ሳንስክሪት «ፒፓሊ» የተባለው ቅመም ወደ ግሪክ ሲሻገር «ፔፔሪ»፣ ወደ ሮም ሲደርስ «ፒፔር» ሆነ፤ የእኛም «በርበሬ» ከዚሁ ቤተ ዘመድ የሚቆጠር ቃል ነው። ቃሉ የተጓዘበትን መንገድ ዕቃውም ተጉዞበታል። በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን በግሪክኛ የተጻፈው የኤርትራ ባሕር የነጋዴዎች መመሪያ የእኛን አዱሊስ ከሕንዱ የቁንዶ በርበሬ ወደብ ከሙዚሪስ ጋር በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ይዘረዝራቸዋል። በስድስተኛው ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ካሌብ ዘመን፣ አዱሊስን የጎበኘው የእስክንድርያው ነጋዴ ኮስማስም የቁንዶ በርበሬ ሐረግ በረጃጅም ዛፎች ላይ እየተጠመጠመ እንደሚያድግ ጽፎ ትቶልናል። አክሱም በገናናነት ዘመኗ የዚህ ጥቁር ቅመም መንገድ ጎረቤት ነበረች። ቀዩ ግን በዚያን ጊዜ ከሁለቱ የአሜሪካ አህጉሮች ውጭ በዓለም ላይ አንድም ሰው አያውቀውም ነበር።

ቀዩን ወደ ዓለም ያወጣው ጥቁሩን ፍለጋ ነው። ክሪስቶፈር ኮሎምበስ በ1492 ወደ ምዕራብ የቀዘፈው ሕንድ ደርሶ ቅመም ሊጭን ነበር። ሕንድን አላገኘም። በጥር 1493 ግን በሂስፓኒዮላ ደሴት ሳለ፣ የአገሩ ሰዎች «አሂ» የሚሉትን ቀይ ፍሬ አይቶ የእነርሱ ቁንዶ በርበሬ ይህ ነው፣ ከእኛውም ይበልጣል ሲል በመዝገቡ አሰፈረ። እስፓኞች ጥቁሩን «ፒሚየንታ» ይሉት ነበርና ቀዩን «ፒሚየንቶ» አሉት። የስም ዝርፊያው በዚያው ተጀመረ። በ1498 ደግሞ ፖርቱጋላዊው ቫስኮ ዳ ጋማ አፍሪካን ዞሮ እውነተኛውን የቁንዶ በርበሬ አገር ካሊከትን ረገጠ። ምን ፍለጋ እንደ መጡ ሲጠየቁ፣ ሰዎቹ ክርስቲያኖችንና ቅመማ ቅመምን ብለው መለሱ ይባላል። ይህች መልስ የእኛንም ታሪክ የምትነካ ናት፤ ከሚፈለጉት ክርስቲያኖች መካከል የኢትዮጵያ ንጉሥ አንዱ ነበርና።

ቀዩ ፍሬ ግን በትውልድ አገሩ ግኝት አልነበረም። በሜክሲኮ ምድር ሰዎች ከስድስት ሺህ ዓመት በላይ አልምተውታል፤ በናዋትል ቋንቋ ስሙ «ቺሊ» ነው። ለአዝቴክ ነገሥታት በግብር ይገባ ነበር። የናዋ ሠዓሊዎች በ1541 አካባቢ ለእስፓኝ ቤተ መንግሥት ያዘጋጁትና ዛሬ በኦክስፎርድ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት የሚገኘው ኮዴክስ ሜንዶዛ የተባለው የሥዕል መጽሐፍ ይህን ያሳያል። በዚሁ መጽሐፍ ውስጥ ስለ ልጆች አስተዳደግ የሚናገር አንድ ሥዕል አለ፤ አባት የ11 ዓመት ልጁን አጎንብሶ በሚጤስ ደረቅ በርበሬ ላይ ይዞታል፤ ከልጁ ዓይን እንባ ይወርዳል። ኢትዮጵያዊ ሆኖ ይህን ሥዕል ያለ ሳል የሚመለከት ያለ አይመስለኝም። ጥፋተኛ ልጅን በበርበሬ ጢስ ማጠን በእኛም አገር ብዙ ትውልድ በዓይኑና በጉሮሮው የሚያውቀው ጨካኝ ቅጣት ነው። በሁለት ውቅያኖስ የተለያዩ ሁለት ሕዝቦች፣ አንዱ ከሌላው ሳይማር፣ ከአንድ ፍሬ አንድ ዓይነት ወጥና አንድ ዓይነት እንባ አወጡ።

ፍሬው ከወጣ በኋላ የሮጠው ሩጫ ያስደንቃል። ግማሽ ምዕተ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ የት እንደ ተወለደ የሚያስታውስ ጠፋ። ጀርመናዊው የዕፀዋት ሊቅ ሌዮንሃርት ፉክስ በ1542 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ሥዕሉን አሳምሮ ካስቀመጠ በኋላ «የካሊከት በርበሬ» ብሎ ጠራው። ሀንጋሪያውያን ከኦቶማን ቱርኮች እጅ ስለ ተቀበሉት «የቱርክ በርበሬ» አሉት፤ በኋላ ያጸኑለት «ፓፕሪካ» የሚለው ስምም በስላቮች ቋንቋ በኩል ከዚያው ከላቲኑ «ፒፔር» የወረደ ነው። እንግዲህ ፓፕሪካና በርበሬ በስም የአክስትና የአጎት ልጆች ናቸው ማለት ነው። የቁንዶ በርበሬ እናት አገር በሆነችው በደቡብ ሕንድ እንኳ ታሚሎች ጥቁሩን «ሚላጉ» ይሉ ነበርና ቀዩን «ሚላጋይ» አሉት፤ የሚላጉ ፍሬ እንደ ማለት ነው። ሁሉም ከጎረቤቱ የመጣ መሰለው፤ ሁሉም የጥቁሩን ስም አለበሰው።

ወደ እኛስ እንዴት ደረሰ? በሩ ቀይ ባሕር ነው። በ1520 የፖርቱጋል መልእክተኞች ምጽዋ ወረዱ፤ ከእነርሱ ጋር የነበረው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስድስት ዓመት በአገራችን ቆይቶ ያየውን ጻፈ። በ1541 ደግሞ የዚያ የቅመም ፈላጊ የቫስኮ ዳ ጋማ ልጅ፣ ክሪስቶቮ ዳ ጋማ፣ ከሕንድ ከጎዋ በተነሣ መርከብ መጥቶ 400 ያህል ነፍጠኞችን እየመራ ወደ ደጋው ወጣ። እርሱ በ1542 ተገደለ፤ ኢማም አሕመድም በ1543 ወደቀ። በ1557 ኦቶማን ቱርኮች ምጽዋን ያዙ። ከጦሩ ጎን ለጎን ደግሞ ዘመን ሳይለይ ከሕንድና ከዓረብ ወደቦች የሚመላለሰው የሙስሊም ነጋዴ ነበር። ፖርቱጋሉም ቱርኩም ነጋዴውም በርበሬ በሚጫንባቸው ወደቦች የሚያልፉ ነበሩ። የነፍጡን ቁጥር ጸሐፊዎች መዝግበውልናል። በዚያው ክፍለ ዘመን ውስጥ ወይም ጥቂት ቆይቶ፣ የመጀመሪያዋን ቀይ ዛላ በሙቀጫ ያደቀቀችውን ሴት ግን ዜና መዋዕል የጻፈላት የለም።

እኔም ይህን ያልተጻፈ ታሪክ ከመጽሐፍ ባጣው ከምድጃ ልፈልገው ብዬ፣ ከማረቆ የመጣ አንድ ከረጢት ዛላ በርበሬ ገዝቼ በአንድ ወር ውስጥ የአራት አገር ምግብ በቤቴ ሠራሁበት። ፍሬው አንድ ነው። የተለየው እጅ ብቻ ነው።

በትውልድ አገሩ በሜክሲኮ ልማድ ጀመርሁ። የሜክሲኮ ባልቴት ደረቁን ዛላ «ኮማል» በሚባል የሸክላ ምጣድ ላይ ለአፍታ ታመሳዋለች፤ ጥቂት ከዘገየች ይመራልና ዓይኗን አትነቅልም። ከዚያ በሙቅ ውኃ ትዘፈዝፈዋለች፤ ሲለሰልስ «ሜታቴ» በተባለ የድንጋይ ወፍጮ ላይ በመጅ ትፈጨዋለች። ምጣድ፣ ወፍጮና መጅ! ከእኛ ጎጆ የወጣች መሰለችኝ። ወጡ ውስጥ በርበሬው ቅመም ብቻ አይደለም፤ ራሱ የወጡ ሥጋና ደም ነው።

ቀጥሎ የጎዋን ቪንዳሉ ሠራሁ። ይህ ወጥ ታሪክን በስሙ ተሸክሞ የሚዞር ነው። የፖርቱጋል መርከበኞች በወይንና በነጭ ሽንኩርት ያሸውን ሥጋ «ካርኒ ዲ ቪኛ ዳልዮስ» ይሉት ነበር። ፖርቱጋሎች በ1510 ጎዋን ይዘው እስከ 1961 ድረስ ሲቀመጡ፣ የጎዋ ወጥ ሠሪዎች የወይኑን ቦታ ከዘንባባ በሚጠመቅ ኮምጣጤ ተኩ፤ ከሙንን፣ ቀረፋን፣ ቅርንፉድንና ቀዩን በርበሬ ጨመሩበት፤ ስሙንም በአፋቸው ልክ ቆረጡት። በኋላ እንግሊዝ አገር የሚገኙ ምግብ ቤቶች «አሉ» የሚለውን የሕንድ ቃል በውስጡ የሰሙ መስሏቸው ድንች ከተቱበት። እኔ በአሳማው ፈንታ በዶሮ፣ በዘንባባው ኮምጣጤ ፈንታ ከሰፈራችን ሱቅ በተገዛ አቼቶ ሠራሁት። «አቼቶ» የሚለው ቃል ራሱ ከጣሊያን ጋር መጥቶ የቀረ እንግዳ መሆኑ ትዝ ሲለኝ ብቻዬን ሳቅሁ።

ሦስተኛው የሀንጋሪው የዶሮ ፓፕሪካሽ ነበር። ለዚህ ዛላውን ሰንጥቄ ነጩን ጅማትና ፍሬውን አወጣሁ፤ የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን የሚመነጨው ከዚያ ነጭ ጅማት ነውና። በ1859 የሴጌድ ከተማ ሰዎች የሆኑት የፓልፊ ወንድማማቾች ይህን የማውጣት ሥራ የሚያቀልል ዘዴ ካበጁ ወዲህ ነው ለስላሳው ፓፕሪካ በብዛት ለገበያ የቀረበው። ሀንጋሪያዊው ሽንኩርቱን በስብ ካቁላላ በኋላ በርበሬውን ሲጨምር ድስቱን ከእሳት ያወርዳል፤ ስኳርነት ስላለው ቶሎ ያርራልና። በዚያው በሴጌድ የሚያስተምረው ሊቅ አልበርት ሴንት ጅየርጂ አንድ ማታ ባለቤቱ ያቀረበችለትን በርበሬ መብላት አስጠልቶት ወደ ቤተ ሙከራው ይዞት ሄደ። ከውስጡም ቫይታሚን ሲን በብዛት አወጣ፤ በ1937ም የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ታሪኩን ራሱ እየሳቀ ይናገረው ነበር። የሚስትዮዋን እራት ግን የሸለመላት አልነበረም።

በመጨረሻ ወደ ዶሮ ወጥ ተመለስሁ። ሌሎቹን ሦስቱን ሠርቼ ስመለስ የእናቶቻችን ጥበብ ከወትሮው ይልቅ ጎልቶ ታየኝ። ሜክሲኮ አምሳ ትዘፈዝፋለች፣ ጎዋ በኮምጣጤ ታሻለች፣ ሀንጋሪ ከእሳት አውርዳ ትነሰንሳለች። የእኛ ሴት ግን በርበሬው ወጥ ውስጥ ከመግባቱ ከሳምንታት በፊት ሥራዋን ትጀምራለች። ትቀነጥሳለች፣ ታጥባለች፣ ታሰጣለች፤ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብል፣ ከበሶብላና ከጤና አዳም ጋር ትደልዘዋለች፤ እንደገና ታደርቀዋለች፤ ኮረሪማውንና አዝሙዱን አምሳ ጨምራ ታስፈጨዋለች። ሽንኩርቱን ያለ ምንም ቅባት በደረቁ ታቁላላለች። በርበሬውን ከጨመረች በኋላ ሀንጋሪያዊው የሚፈራውን እሳት ሳትፈራ፣ ሙቅ ውኃ ጠብ እያደረገች ረጅም ሰዓት ታንተከትከዋለች። ጥሬነቱ እስኪጠፋ፣ ቀይነቱ ወደ ጥቁረት እስኪያዘነብል። ይህን የሠራ ሕዝብ ከሌላ አልተዋሰውም።

ከሁሉ ያስገረመኝ ግን መከለሻው ነው። ወጡ በስሎ ሊወጣ ሲል፣ ከላይ ጣል የምትደረገዋ ቅመም ምን ምን ይዛለች? ኮረሪማ አለባት፤ ይህ የአገራችን ደን የወለደው ነው። ጥምዝ አለባት። ቁንዶ በርበሬም አለባት። እነዚህ ቀዩ እንግዳ ከመምጣቱ በፊት ማጀታችን ውስጥ የነበሩ ናቸው። እንግዳው ድስቱን ሞላው፣ ስሙንም ወረሰ፣ ቀለሙንም አለበሰ፤ የመጨረሻው ቃል ግን እስከ ዛሬ የነባሮቹ ነው። ክዳኑ ሲነሣ አስቀድሞ የሚሸትተን ጥንታዊው ማጀት ነው። አልጫ ወጥም ከጎኑ አለ፤ ያለ ቀዩ ፍሬ የሚኖረው ወጥ ምን እንደሚመስል በየገበታችን የሚያስታውስ ታላቅ ወንድም።

ሌላም ነገር አስተዋልሁ። የበርበሬ ማቃጠል ጣዕም አይደለም፤ ሕመም ነው። ዴቪድ ጁሊየስ የተባለው ሳይንቲስት በ1997 ከባልደረቦቹ ጋር እንዳረጋገጠው፣ ካፕሳይሲን የሚቀሰቅሰው በምላሳችን ላይ ያለውን የእሳት ትኩሳት የሚሰማውን ተቀባይ ነው፤ ለዚህም በ2021 የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። ይህ ንጥረ ነገር በውኃ አይሟሟም፤ በቅባት ይሟሟል፤ የወተትም ፕሮቲን ይዞ ያነሣዋል። ሊቃውንቱ ይህን ከመናገራቸው በፊት ግን የእኛ ሴት ከወጡ አጠገብ አይብ አስቀምጣለች፣ ሕንዳዊቷ እርጎ፣ ሀንጋሪያዊቷም ኮምጠጥ ያለ ክሬም። ሦስቱ አልተመካከሩም። እያንዳንዷ የተቃጠለ ልጅ አፍ አይታ መድኃኒቱን ፈለገች። ይህም ዕውቀት ነው፤ ደራሲ የሌለው ዕውቀት።

የታሪክ ምሁሩ ጄምስ ማካን በ2009 ባሳተመው የአፍሪካ ምግብ ታሪክ መጽሐፍ ውስጥ እቴጌ ጣይቱ በ1887 ለእንጦጦ ማርያም ያዘጋጁትን ታላቅ ግብዣ፣ ልዩ ልዩ አውራጃ ያፈራው ምግብ አንድ አገራዊ ገበታ የሆነበት ጊዜ አድርጎ ያየዋል። የእቴጌይቱ ስም በክብር ተጽፏል፤ የሚገባቸውም ነው። ከድስቶቹ ሥር ጢስ ሲበላቸው ያነጉት እጆች ግን ስም የላቸውም። የበርበሬ ታሪክ በሁሉም አገር እንዲህ ነው። ኮሎምበስን፣ ዳ ጋማን፣ ፉክስን እናውቃቸዋለን። ያገኙት፣ የጫኑት፣ የሣሉት ተጽፈዋል፤ የሚበላ ያደረጉት አልተጻፉም።

ስለዚህ ነው «በርበሬ የእኛ አይደለም» የሚል ሰው ባጋጠመኝ ቁጥር የማልቆጣው፤ «በርበሬ ጥንትም የእኛ ነበር» የሚለውንም የማላምነው። የመጀመሪያው ዘሩን ቆጥሮ ልፋቱን ረሳ፤ ሁለተኛው ልፋቱን አክብሮ ዘሩን ካደ። ፍሬው ከሜክሲኮ ነው፣ ስሙ ከሕንድና ከግሪክ ጎዳና የመጣ ነው፣ መንገዱ የነጋዴና የወታደር ነው። ድልዙ፣ ቁሌቱና መከለሻው ግን የእኛ ናቸው። አንድ ሕዝብ ስለ ራሱ እውነቱን ለመናገር እንግዳን ማባረርም ሆነ እንግዳነትን መደበቅ አያስፈልገውም። የተቀበለውን ምን እንዳደረገው ማሳየት ይበቃዋል።

በየቤታችሁ እስካሁን በርበሬ በእጃቸው የሚያዘጋጁ እናቶችና አክስቶች ያላችሁ አንባቢያን አንድ ነገር አደራ ልበላችሁ። ስንት ኪሎ ዛላ በስንት ጭብጥ ኮረሪማ፣ ስንት ቀን ፀሐይ፣ የትኛው ቅመም አስቀድሞ እንደሚታመስ ጠይቋቸው፤ ጻፉትም። ከወረቀቱም ራስጌ ስማቸውን ከነአባታቸው አኑሩበት። አምስት መቶ ዓመት ሳይጻፍ የኖረ ታሪክ ቢያንስ ከዚህ ወዲያ ጸሐፊ ይኑረው።

ቸር ይግጠመን።